አሥራ ሦስተኛው ገጽ

ይህን የምጽፈው ንዴቴ በርዶልኝ አይደለም። "ጊዜ ያበርደዋል፣ ተይው" ያሉኝ ሰዎች ነበሩ፤ ጊዜው ሄደ፣ ንዴቱ እዚሁ አለ። ልጆች ማንበብ የሚያቅታቸው ለምን እንደሆነ አዳራሽ ተከራይተው የሚወያዩ ሰዎችን ባየሁ ቁጥር ተነስቼ መጮህ ያምረኛል። እኔ መልሱን ያገኘሁት ጁባ ውስጥ፣ ከአንድ ዓርብ ጠዋት እስከ ሰኞ ረፋድ ባለው ጊዜ ነው። ያገኘሁትም ልጄን በሰው ፊት በጥፊ ከመታኋት በኋላ ነው። ከመጀመሪያው ልንገራችሁና እናንተ ፍረዱ።

ማርታ እባላለሁ። የተወለድኩት ደቡብ ሱዳን፣ ያደግኩት ኢትዮጵያ ነው። ጦርነቱ ሲብስ እናቴ አዝላኝ በጋምቤላ በኩል ተሻገረች፤ መጀመሪያ መጠለያ ጣቢያ፣ በኋላ አዲስ አበባ። እስከ ስምንተኛ ክፍል የተማርኩት እዚያ ነው። ከዘመድ ጋር ኑዌርኛ አወራለሁ፣ ስቆጣ ግን የሚመጣልኝ አማርኛ ነው። ልጄ ኒያማልም የተወለደችው አዲስ አበባ ነው። አባቷ ገና ዳዴ ስትል ጥሎን ሄደ፤ ስለ እሱ ይህን ካልኩ ይበቃዋል።

ኒያማል ፊደል የለየችው ትምህርት ቤት ሳትገባ ነው። ገና በስድስት ዓመቷ ታክሲ ውስጥ ጭኔ ላይ ቁጭ ብላ በመስኮት የምታየውን ሁሉ ድምጿን ከፍ አድርጋ ታነብ ነበር። "ፀጉር ቤት"፣ "የሚከራይ ክፍል አለ"፣ "እዚህ መሽናት ክልክል ነው"። ተሳፋሪው ይስቃል፣ እኔ አፍራለሁ፣ እሷ ቀጣዩን ታነባለች። አንደኛ ክፍልን እዚያው ጨረሰች። ሰላሙ ተፈርሞ ሰው ሁሉ ወደ አገሩ ሲመለስ እኛም ዕቃችንን ሸክፈን ጁባ ገባን። ሰባት ዓመቷ ነበር።

ሥራ ያገኘሁት ካስተም ገበያ፣ ጋሽ ኑሩ ከሚባሉ ኢትዮጵያዊ የጅምላ ነጋዴ ዘንድ ነው። የወሎ ሰው ናቸው፤ ሶላታቸውን የማያጓድሉ፣ ሲቆጡም ድምፃቸው የማይሰማ። የእኔ ሥራ ከኡጋንዳ የመጣ መኪና ሲራገፍ ቆሜ ካርቶኑ ላይ የተጻፈውን ማንበብ ነው። ይሄ ሳሙና ነው፣ ይሄ ብስኩት ነው፣ ይሄ ቀኑ ሊያልፍ ሁለት ወር ቀርቶታል፣ ይሄ ከላይ ይደርደር። እንግሊዝኛዬ የካርቶን እንግሊዝኛ ነው፤ እንጀራዬ ግን ከእሱ ነበር።

ልጄን ላስመዘግብ የሄድኩበትን ትምህርት ቤት ርእሰ መምህር ሁሉም ሰው ሙዲር ነበር የሚለው፣ እኔም ሙዲር እለዋለሁ። ሙዲሩ እንግሊዝኛ ታውቃለች ወይ አለኝ። አታውቅም፣ በአማርኛ ግን እንደ ውሃ ታነባለች አልኩት፣ በኩራት። ሳቀ። እዚህ አማርኛ ለማን ሊሆን ነው አለኝ። እንደገና አንደኛ ክፍል እንደምትገባ ነገረኝና በጣቱ ግንባሩን እየነካ መከረኝ፤ ያንን ጽሕፈት ከጭንቅላቷ ካላወጣሁላት እንግሊዝኛው የሚቀመጥበት ቦታ አያገኝም፣ ሁለቱ ተቀላቅለው ልጅቷን ያደነዝዟታል።

እኔም አመንኩት። ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው የተናገረውን ማመን ከስደት ያመጣነው በሽታ ነው። ያን ቀን ቤት ገብቼ የነበሯትን ሁለት የአማርኛ የተረት መጻሕፍት ከእጇ ተቀብዬ የቆርቆሮ ሳጥኑ ታች፣ ከልብሱ ሥር ቀበርኳቸው። ከእንግዲህ በዚህ ፊደል ስትጽፊ ባገኝሽ ወዮልሽ አልኳት። ትንሽ አሰብ አድርጋ፣ "በልቤ ባነብስ?" አለችኝ። በልብሽም አይቻልም አልኳት። አዎ፣ እኔ ነኝ እንደዚያ ያልኩት።

ትምህርቱ የሚሰጠው ማንጎ ዛፍ ሥር ነበር። ክፍሏ ዘጠና ልጅ ይሆናል፣ መጽሐፉ ደግሞ አንድ፤ እሱም በመምህሩ እጅ። መምህሩ አንድ መስመር ይላል፣ ዘጠናው አብሮ ይጮሃል። ከዚያ ሰሌዳው ላይ ይገለብጠዋል፣ ልጆቹም በደብተራቸው ይገለብጣሉ። ከመንገድ ለሚሰማው እንዴት ደስ ይል ነበር መሰላችሁ። ኒያማል ማታ ደብተሯን ዘርግታ፣ ጣቷን ከቃል ወደ ቃል እያስኬደች ስታነብልኝ እኔ ጀርባዬን ሰጥቼ ልብስ አጥባለሁ፣ ሽንኩርት እከትፋለሁ። አንድም ቀን እጄን አድርቄ አጠገቧ አልተቀመጥኩም። ካርዷ ላይ እንግሊዝኛ ንባብ "በጣም ጥሩ" ይላል። የሰፈሩ ልጆች "ሐበሻዋ" እያሉ ቢያሾፉባትም ክፍሏን የምትመራ እሷ ነበረች። ሦስተኛ ክፍል ደረሰች፣ አሥር ዓመቷ ሆነ፣ እኔም በየሄድኩበት አፌን ሞልቼ አወራለሁ።

ያ ዓርብ መጣ። ከትምህርት ቢሮ ሁለት እንግዶች ንባብ ሊያዳምጡ ይመጣሉ ተባለና ወላጆች ተጠራን። ጋሽ ኑሩን አስፈቅጄ ያለችኝን ደህና ቀሚስ ለብሼ ሄድኩ። እንግዶቹ ከማንጎው ጥላ ሥር ወንበር ተሰጣቸው። ኒያማልን ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ ያስተማራት፣ ሁሉም ኡስታዝ ላዶ የሚለው ረጅም ከሲታ ሰው፣ ዳር ቆሞ የሸሚዙን ቁልፍ ይነካካል። ሙዲሩ ልጄን ስሟን ጠርቶ አስነሳት።

መጽሐፉን ተቀበለች። ገጽ አሥራ ሁለትን ከላይ እስከ ታች አንዴም ሳትደናቀፍ አነበበችው። ስለ ላም ነው፤ የእኛ ላም፣ ቡናማዋ ላም፣ ወተት የምትሰጠው ላም። እናቶች እልል አሉ። እኔማ እንባዬ መጣ። አንደኛው እንግዳ ፈገግ ብሎ እጁን ዘረጋና ቀጥሎ ያለውን ገጽ አመለከታት። በይ ይሄንንም አንብቢልን አላት።

ዝም አለች።

ተሳስታ ቢሆን ይሻል ነበር። አንድ ፊደል እንኳ ከአፏ አልወጣም። ሙዲሩ በእንግሊዝኛ አንብቢ አላት፣ በዓረብኛ አላት፣ ዝም። ከዚያ ጎንበስ አለችና ደብተሯን አንስታ ከኋላ በኩል እየገለጠች በጥድፊያ መፈለግ ጀመረች። ሙዲሩ ቀማት። ከፍቶ አየውና ለእንግዶቹ ከፍ አድርጎ አሳያቸው። ከደብተሩ ጀርባ ጀምሮ ገጽ በገጽ በእርሳስ የተጻፈ የእኛ ፊደል ነበር፣ ያ እኔ የከለከልኩት ፊደል። አንደኛ የምትወጣበት ምስጢር ይኸው አላቸው። ማንም በማያውቀው ጽሕፈት መልስ እየደበቀች ስታጭበረብር ነበር አላቸው። ከዚያ ዞሮ እኔን በስሜ ጠራኝ።

በዚያ ሁሉ ሰው መሃል አልፌ ሄድኩ። ሙዲሩ ደብተሩን አፍንጫዬ ሥር ዘረጋው። ልጄን አየኋት። አንድ ቃል ሳልጠይቅ በጥፊ አጮልኳት። አላለቀሰችም፣ ጉንጯንም አልያዘችም፤ ዐይኗ ደብተሩ ላይ ነበር። ሙዲሩ እዚያው ፈረደ፤ ከሰኞ ጀምሮ አንደኛ ክፍል ትወርዳለች። ደብተሩን ለኡስታዝ ላዶ ወረወረለትና እንዲያቃጥለው አዘዘው። ኡስታዝ ላዶ ደብተሩን አንስቶ አቧራውን በእጁ ጠረገ፣ ቀና ብሎ ግን አላየንም።

እጇን ይዤ ወደ ካስተም ተመለስን። መንገዱን ሙሉ ለፈለፍኩባት። ሱቁ ልንደርስ ስንል ቆመች።

"እማ፣ አዲስ አበባ አንደኛ ክፍል ተማርኩ። እዚህም ተማርኩ። ሦስተኛ ጊዜ አልገባም። ብትገድዪኝም አልገባም።"

ልጄን አውቃታለሁ፤ አልገባም ካለች አትገባም። ምን እንደሚሆንም አውቃለሁ። የጎረቤታችን ልጅ በአሥራ አንድ ዓመቷ ከስድስት ዓመት ሕፃናት ጋር አስቀመጧት፤ ሁለት ሳምንት ቆየች፣ ከዚያ ቀረች፣ አሁን ካስተም መኪና መቆሚያው ላይ ውሃ ትሸጣለች። ማንም መጥቶ የጠየቃት የለም። ያኔ ነው ጉዳዩ የደብተር ጉዳይ አለመሆኑ የገባኝ። ሰኞ አንደኛ ክፍል ካስቀመጧት ልጄ ከነአካቴው ትምህርት ጨርሳለች ማለት ነው።

ሱቅ ገብተን ካርቶን ላይ አስቀመጥኳትና ምን ነበር የምትጽፊው አልኳት። ቀስ ብላ አስረዳችኝ። ኡስታዝ አንድ መስመር ይላል፣ እነሱ ይደግማሉ፣ በማግስቱ ሌሎቹ ይረሱታል። እሷ ግን ድምፁን እንደሰማችው በአማርኛ ፊደል ትጽፈዋለች፤ "ዚስ ኢዝ አወር ካው"፣ ልክ እንደዚያ። ማታ ከደብተሯ ጀርባ በድብቅ ታነበውና በቃሏ ትይዘዋለች። ከዚያ ፊት ለፊቱን ዘርግታ፣ በእንግሊዝኛ የተገለበጠው ላይ ጣቷን እያስኬደች ለእኔ ትልልኛለች።

"በእንግሊዝኛው ፊደል ለምን አልጻፍሽውም?" አልኳት።

"እሱ ምን እንደሚል ማንም አላሳየኝማ፣ እማ።"

እዚያው ያለውን የሳሙና ካርቶን አሳየኋት። ትልልቅ ፊደል፣ ሦስት ዓመት ሙሉ በየቀኑ የምታየው። አንብቢው አልኳት። የፊደሎቹን ስም አንድ በአንድ ጠራቻቸው፣ የኤ ቢ ሲ ዘፈኑን ታውቀዋለች። ሲገጣጠሙ ምን እንደሚሉ ግን አላወቀችም። የተቀመጠችበትን የብስኩት ካርቶን አሳየኋት፣ አላወቀችም። ከጠረጴዛው ላይ እርሳስ አንስቼ ካርቶኑ ላይ በአማርኛ አንድ መስመር ጻፍኩ። "ይህን ዕቃ ውሃ እንዳይነካው።" ሳትተነፍስ አነበበችው።

ልጄ አንባቢ ሆና መጣች፤ ሦስት ዓመት ትምህርት ቤት ልኬ መሃይም ላደርጋት ምንም አልቀረኝም ነበር። ከመሃይምነት ያዳናት እኔ የከለከልኳት ነገር ነው። በዚያ ሰዓት ሰው መምታት አማረኝ፣ መጀመሪያ ራሴን፣ ቀጥሎ ኡስታዝ ላዶን።

ቅዳሜ ጠዋት ቤቱን ጠያይቄ በሞተር ከከተማው ወጣ ብሎ ዓባይ ዳር ወዳለው ረጃፍ ሄድኩ። ኡስታዝ ላዶ ደመወዙ ስለሚዘገይ በሳምንቱ መጨረሻ ወንዙ ዳር ባሚያ ያለማል። ሸሚዙን አውልቆ ሲኮተኩት አገኘሁት። ሰላምታውን ሳልጨርስ ጮህኩበት። የጁባ ዓረብኛ አንቱታ የለውም፣ ለንዴቴ ተመቸኝ። ዘጠና ልጅ እያስጮህክ ምን አስተማርክ አልኩት። ሦስት ዓመት ሙሉ ልጄን በቀቀን አደረግካት አልኩት። መቆፈሪያውን ይዞ ሰማኝ። አንዴም አላቋረጠኝም፣ ይህ ደግሞ ይበልጥ አበገነኝ።

ስጨርስ ዛፍ ላይ ከሰቀለው ቦርሳ የኒያማልን ደብተር አውጥቶ ሰጠኝ። አላቃጠለውም። ልሄድ ስዞር ጠራኝና ከዚያው ቦርሳ መጽሐፉን አወጣ፣ ያን የክፍሉን ብቸኛ መጽሐፍ። እስከ ሰኞ ውሰጂው አለኝ። ምን ላድርግበት አልኩት። "ልጅሽ አላጭበረበረችም" ብቻ አለኝ፣ ተመልሶም ኩትኳቶውን ቀጠለ።

ከረጃፍ ስመለስ ጋሽ ኑሩ የሱቁን ደጃፍ እያስጠረጉ ነበር። መጽሐፉን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁት። ከእያንዳንዱ የእንግሊዝኛ መስመር በላይ በደቃቅ እርሳስ የዓረብኛ ጽሕፈት አለ። ዓረብኛ እናገራለሁ እንጂ ማንበብ አልችልም፤ ለልጆቹ ትርጉሙን የሚያስረዳበት ማስታወሻ መሰለኝ። ጋሽ ኑሩ ግን ልጅ ሆነው መድረሳ ገብተው ቁርኣን የቀሩ ሰው ናቸው። መነጽራቸውን አድርገው ጎንበስ አሉ። ማንበብ ጀመሩ፣ ቆሙ፣ እንደገና ጀመሩ።

"ማርታ፣ ይሄ ዓረብኛ አይደለም" አሉኝ።

ታዲያ ምንድነው ስላቸው ጣታቸውን ከቀኝ ወደ ግራ እየሳቡ ፊደል በፊደል አነበቡት። "ዚ...ስ... ኢዝ... አወር... ካው።" እንግሊዝኛ የማይናገሩት ሽማግሌ እንግሊዝኛ ተናገሩ። ኒያማል ከሱቁ ጓዳ ብቅ አለች። ደብተሯን ወስዳ ከጀርባው ከፈተችና ከጎናቸው ቆማ እያየች እኩል ከእሳቸው ጋር ማንበብ ጀመረች። እሳቸው ከኡስታዙ እርሳስ፣ እሷ ከራሷ እርሳስ። አንድ ቃል አልተለያዩም።

መምህሩ ራሱ እንግሊዝኛ ማንበብ አይችልም። ሰው ያነብለታል፣ እሱ ድምፁን በሚያውቀው ፊደል ይጽፈዋል፣ ሸምድዶ ይመጣል፣ ዘጠናው ልጅ ላይ ይጮህበታል። ልጄ ያደረገችውን፣ ልክ ያንኑ ነው ያደረገው። ጋሽ ኑሩ ጣታቸውን ወደሚቀጥለው ገጽ አሻገሩ። አሥራ ሁለተኛው ገጽ ሙሉ ነው። አሥራ ሦስተኛው ላይ እርሳሱ የለም። ከዚያ እስከ መጨረሻው መጽሐፉ ንጹሕ ነው። ልጄ ዝም ያለችበት ገጽ መምህሯም ዝም ያለበት ገጽ ነበር።

ከዚያ ኒያማል ቀና ብላ አየችኝ።

"እሱንስ ማን መታው?" አለችኝ።

ጋሽ ኑሩ መነጽራቸውን አውልቀው መጥረግ ጀመሩ።

እሁድን እንዴት እንዳሳለፍኩት አልነግራችሁም። ሰኞ ጠዋት መጽሐፉን በፌስታል አድርጌ ኒያማልን ይዤ ወጣሁ። የምለውን አዘጋጅቻለሁ። መጽሐፉን ሙዲሩ ፊት እዘረጋለሁ፣ መምህርህ መሃይም ነው እለዋለሁ፣ ልጄ ትተርፋለች፣ ኡስታዝ ላዶ እንጀራው ይሄዳል፣ ይሂድ። ጋሽ ኑሩ ስወጣ እንዲህ ብለውኝ ነበር፦ ማድረግ ያለብሽን አድርጊ፣ ብቻ መጀመሪያ ዙሪያሽን እዪ። ጆሮ አልሰጠኋቸውም ነበር።

ግቢው በወላጅ ተሞልቷል፤ ሰኞ ሰኞ እናቶች ለልመናም ለአቤቱታም ሙዲሩን ደጅ ይጠናሉ። ኒያማልን የሙዲሩ ቢሮ በር ላይ አቁሜ ገባሁ። ሙዲሩ ሻይ እየጠጣ ነው። ኡስታዝ ላዶ ግድግዳውን ተደግፎ ቆሟል፤ ፌስታሉን ሲያይ ገባው፣ ዐይኑን ጨፈነ። አፌን ከፈትኩ። ሙዲሩ የሻይ ብርጭቆውን ሲያስቀምጥ እጁን ተከትዬ አየሁ። ቴርሞሱ፣ ስኳሩ፣ ብርጭቆው የተቀመጡበት፣ ጨርቅ የለበሰው ጠረጴዛ ጠረጴዛ አልነበረም። ካርቶን ነው፣ በላይ በላዩ የተደረደረ። ጨርቁ አጥሮ ጎኑ ላይ ያለው ጽሕፈት ይታያል።

እንግዲህ እኔ ሥራዬ ካርቶን ማንበብ ነው። ሳላስበው ነው ያነበብኩት። የሦስተኛ ክፍል እንግሊዝኛ፣ የተማሪው መጽሐፍ፣ ስልሳ ቅጂ። ከሥሩ ያለው፣ የሦስተኛ ክፍል እንግሊዝኛ፣ ስልሳ ቅጂ። ከዚያም ሥር ሌላ።

ስለ ኡስታዝ ላዶ ያዘጋጀሁት ንግግር ከአፌ ጠፋ። ይሄ ከመቼ ጀምሮ ነው እዚህ ያለው አልኩት ሙዲሩን። ምን አገባሽ አለኝ። ደግሜ ጠየቅኩት። ባለፈው ዓመት ነው የመጣው አለኝ፣ የማያፍር ሰው ነው። ባለሥልጣን መጥቶ በሥነ ሥርዓት ሳያስረክብ አይከፈትም አለ። የልጆቹ እጅ ቆሻሻ ነው፣ ቢቀዱት እኔ ነኝ ተጠያቂው አለ። ይህን ሁሉ ሲናገር ሻዩን ይጠጣል።

ሥራ ላይ የምይዘው የካርቶን መቅደጃ ምላጭ ከቦርሳዬ አይጠፋም። ቴርሞሱን አንስቼ መሬት ላይ አስቀመጥኩና የላይኛውን ካርቶን ከዳር እስከ ዳር ቀደድኩት። ሙዲሩ ብድግ ብሎ ፖሊስ እጠራለሁ አለ። መጽሐፎቹ የአዲስነት ሽታቸው እንኳ አልለቀቃቸውም ነበር። ሁለተኛውን ከፈትኩ፣ ደህና ነው። የታችኛውን ስከፍተው ግማሹ አፈር ሆኗል፤ ምስጥ በልቶታል። ምስጡ እጁን ታጥቦ ነው የገባው መሰለኝ።

"አሁን ትጽፍልኛለህ" አልኩት። "ልጄ ሦስተኛ ክፍል እንደምትቆይ በእጅህ ትጽፍና ትፈርማለህ። አለበለዚያ ደጅ ወጥቼ ለእነዚያ እናቶች ይህን ካርቶን አነብላቸዋለሁ። በደንብ ነው የማነበው፣ እንጀራዬ ነው።"

በመስኮት ወደ እናቶቹ አየ። ከዚያ ወረቀት ሳበና ጻፈ፣ ማኅተሙንም አሳረፈበት። ወረቀቱን ካጠፍኩ በኋላ ግን ሐሳቤን ለወጥኩ። ከተቀደደው ካርቶን መጽሐፍ በክንዴ ሙሉ ታቀፍኩና ወደ ማንጎው ዛፍ ወጣሁ። ሰርቃ ሰጠች ይበሉኝ። ኡስታዝ ላዶ ሁለተኛውን ካርቶን ተሸክሞ ከኋላዬ መጣ፣ ማንም አላዘዘውም። ስለ እሱ እርሳስ ያን ቀን አንድ ቃል ከአፌ አልወጣም። ዛፉ ሥር ሲደርስ ራሱ ነገረኝ። ዕድሜውን በዓረብኛ ተምሮ በዓረብኛ ሲያስተምር ኖሯል። ሰላሙ ሲመጣ ከነገ ጀምሮ በእንግሊዝኛ ተባለ፣ የሚያሠለጥነው ግን አልተላከም። ኡጋንዳ የተማረ የእህቱ ልጅ ማታ ማታ ያነብለት ነበር። ገጽ አሥራ ሁለት ላይ ሲደርሱ ልጁ ሥራ አግኝቶ ሄደ። አልችልም ብሎ ለመናገር ደግሞ አምስት ልጆች አሉት። ሰማሁት። ንዴቴ ግን አለቀ ማለት አይደለም፤ አድራሻው ብቻ ነው የተለወጠው።

ተረት ቢሆን እዚህ ላይ ያበቃ ነበር። መጽሐፎቹ ሦስት ቀን በልጆቹ እጅ ሰነበቱ። በአራተኛው ቀን ሙዲሩ ሰበሰባቸው፣ ባለሥልጣኑ እስኪመጣ ተብሎ። እናቶቹ ግን አይተዋል፤ ጫጫታው ከአንድ ወር በላይ ቆየና በመጨረሻ ለአራት ልጅ አንድ መጽሐፍ ብቻ ተፈቀደ። ሙዲሩ ዛሬም ሙዲር ነው፣ ሌላ ትምህርት ቤት። ኒያማል ሦስተኛ ክፍል ቆየች፣ ከዚያ አራተኛ ገባች።

አንባቢዎቼ፣ ልጃችሁ ጥሩ ያነባል ብለው ካርድ ላይ ሲጽፉላችሁ አትመኑ። መጽሐፉን ግለጡና ያልተማረውን ገጽ ስጡት። በአንድ ቋንቋ አንባቢ ሆኖ የመጣን ልጅ ያንን ጣል የሚል ሰው ካጋጠማችሁ፣ ወንበሩ የቱንም ያህል ትልቅ ቢሆን፣ ተነስታችሁ ውጡ። መጽሐፍ እንዳይቀደድ ብሎ የሚቆልፍ ሰው ካያችሁ ምላጭ ከቦርሳችሁ አይጥፋ። ይህን ሁሉ ስል ግን ራሴን ነጻ አላወጣሁም። ሙዲሩ መጻሕፍቱን ከሻይ ሥር ደበቀ፤ እኔ ሁለቱን ከልብስ ሥር ቀበርኩ። እሱ የደበቀው የዘጠና ልጅ መጽሐፍ ነው፣ እኔ የአንድ ልጅ፤ ሥራው አንድ ነው።

ከዚያ ሰኞ በኋላ ባለው ቅዳሜ ሁለቱን የተረት መጻሕፍት ከሳጥን አውጥቼ ሱቅ ይዤ መጣሁ። ኡስታዝ ላዶም እንደተቀጣጠርነው ባሚያ በፌስታል ይዞ፣ እርሳሱን ከጆሮው ላይ ሰክቶ መጣ። ጋሽ ኑሩ ካርቶን ጎትተው አስቀመጡት። ከክፍሉ መጽሐፍ አሥራ ሦስተኛውን ገጽ ከፈትን። ስለ ጀልባ ነው፣ ስድስት መስመር። እኔ በካርቶን እንግሊዝኛዬ እያንዳንዱን ፊደል ምን እንደሚል እያሳየሁ አነበብኩ። እሱ በዓረብኛ ጻፈ፣ ልጄ በአማርኛ ጻፈች፣ ከዚያ የጻፉትን ሸፍኜ ከእንግሊዝኛው ብቻ አንብቡ አልኳቸው። እሱ ተንተባተበ። ኒያማል በጣቷ እየገፋች፣ ላቧ እስኪመጣ ታግላ፣ ስድስቱንም መስመር ራሷ አነበበች። በቃሏ ሳይሆን ከእንግሊዝኛው ፊደል ስታነብ በሕይወቷ የመጀመሪያዋ ነው።

ደስ ብሎኝ ቀጣዩን ገጽ ልገልጥላት እጄን አነሳሁ። ልጄ ጉንጯን በክንዷ ሸፍና ፊቷን አዞረች።